ታጋሽ የተባለችው ውጅግራ

1961 ዓመተ ምሕረት ነው፤ እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኖሬአለሁ፣ ብዙም አይቻለሁ፤ ግን ሰው ስለ ጠመንጃ ባወራ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደዚያ ዓመት ነው።

ባለፈው ገበያ መርሳ ወርጄ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታብኝ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጎረምሶች ስለ መሣሪያ ያወራሉ። አንዱ ይሄኛው ሲተፋ እንደ በረዶ ነው ይላል፣ ሌላው ያኛው ከዚህ ጋራ እዚያ ጋራ ይደርሳል ይላል። በመሀል አንደኛው ወደ እኔ ዞረና፣

"አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ምርጡ መሣሪያ የቱ ነበር?" አለኝ።

"ውጅግራ" አልኩት።

ሳቁ። "ኧረ አባባ! እሱን አንዴ ተኩሰው እስኪያጎርሱት ጠላት ምሳውን በልቶ እጁን ይታጠባል!"

ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። የተቀየምኩ መስሏቸው ይቅርታ ሊሉኝ እስከ መንገዱ ተከተሉኝ፤ ደግ ልጆች ናቸው። የተነሣሁት ግን በእነሱ አይደለም። እዚያው መርሳ፣ በዚያችው ጠመንጃ፣ እኔም እንደነሱ ስቄ ስለማውቅ ነው። ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱን ሙሉ እሷኑ ሳስብ ሄድኩ። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ።

አባቴን አላውቀውም። ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም አያ እንድሪስ ናቸው። በሀብሩ ቆላ አዳኝ ማነው ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ክረምቱን ያርሳሉ፤ ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ደግሞ ቂጣቸውን በስልቻ ቋጥረው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ወደ ቆላው ይወርዳሉ።

ጠመንጃቸው ውጅግራ ነበረች። አንድ ጊዜ ገደል ወድቃ ሰደፏ ስለተሰነጠቀ በጥሬ የበሬ ጠፍር ጠፍረዋታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እንደ አጥንት ጠንክሯል። ማንገቻዋ የድኩላ ቆዳ ነው። የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ጥይቷም እንደ ልብ አይገኝም፤ አጎቴ የተተኮሰውን ቀለህ መልሰው ባሩድ ይጨምሩበትና እርሳስ አቅልጠው ይደፍኑታል። እርሳስ በሸክላ ስባሪ ላይ ሲቀልጥ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ባሩዱን ግን አይሞሉትም። ሁልጊዜ ጎደል ያደርጉትና የቀረውን በቡቱቶ ይጠቀጥቁታል። ስለዚህ ታጋሽ ስትተኮስ ድምፅዋ እንደ ሌላው ጠመንጃ አይጮህም፤ የሚያስለው ሰው ድምፅ ይመስላል።

ታጋሽ ስሟ ነው። አጎቴ ናቸው ያወጡላት። ምክንያቱን ላስረዳ፤ አለዚያ ወደፊት የምናገረው ነገር ሁሉ አይገባም። እኛ እስላሞች የታደነን እንስሳ ነፍሱ ሳይወጣ ደርሰን፣ የአላህን ስም ጠርተን በቢላዋ ካላረድነው አንበላውም። ቢላዋው ሳይደርስ ከሞተ በክት ነው። ክርስቲያኑም እንደዚያው፤ በስመ አብ ብሎ ያልባረከውን አይቀምስም። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጥሩ ጠመንጃ ማለት ምን ዓይነት ነው? ጎረምሳው ሁሉ በኃይለኛው ሲመካ አጎቴ ደካማይቱን የወደዱት ለዚህ ነው። ከታፋው ወይ ከትከሻው አጥንት ያገኙታል። አውሬው ይወድቃል፣ ግን አይሞትም። እሳቸው በዚያ በቀጭን እግራቸው ሮጠው ይደርሱና ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙረው ያርዱታል። ዛሬ ዛሬ ሳስበው፣ ለአውሬውስ የቱ ይሻለው ነበር እላለሁ። እሱን የጠየቀው የለም።

"ይቺ ገዳይ አይደለችም" ይሉ ነበር ብረቷን በሞራ እያሹ። "ያዥ ናት። ገዳዩ ቢላዋ ነው። ሰውዬው እስኪደርስ ይዛ ትቆይለታለች።"

ይህን እየሰማሁ አደግሁ። የሰማሁት ግን እንደ ድሃ ሰው መጽናኛ ነው። በሆዴ፣ ኃይለኛውን ጠመንጃ፣ ምንሽርን ቢይዙ እንዲህ አይሉም ነበር እል ነበር።

በዚያ ዓመት ዘሀራን አጭቼ ነበር። የግራና አካባቢ ልጅ ናት፤ አባቷ ሸህ ኑሩ ይባላሉ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ከመኸር በኋላ እሳቸው ቤት ሊታሰር ቀን ተቆረጠ። ይሁንና በመሀል የከብት በሽታ ገብቶ የየሰዉን በረት አራቆተው። የተረፈው የእርሻ በሬ ነው፤ የእርሻ በሬ ለሠርግ ማረድ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት እህል ማረድ ነው። ሽማግሌዎቹ በሥጋው ነገር ሲጨነቁ አጎቴ፣ "የኒካው ሥጋ በእኔ ይሁን፤ ከቆላ አጋዘን አመጣለሁ" አሉ። ሸህ ኑሩም፣ "እንድሪስ ካለ አለ ነው" ብለው ነገሩ በዚያ አለቀ።

ቀኑ ሲቃረብ አጎቴን ወባ ጣላቸው። ሁለት ጋቢ ተደርቦላቸው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። አስጠሩኝ።

"ሙሄ" አሉኝ፤ ስሜ ሙሐመድ ነው። "ታጋሽን ይዘህ ውረድ። ከታፋው ወይ ከትከሻው እንጂ ከሌላ እንዳትመታው። ስትተኩስ ቢስሚላህ በል። ከተኮስክ በኋላ አትቁም፣ ሩጥ።"

"እሺ አያ።"

"ታጋሽን እንጂ ሌላ አትንካ።"

"እሺ አልኩ እኮ አያ!"

መርሳ ውስጥ አበራ የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረኝ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ነው። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፤ ሚዜዬ እንዲሆን ግን ከሁሉ አስቀድሜ የመረጥኩት እሱን ነው። ለአደኑም አብረን ልንወርድ ተቀጣጥረን ነበር። ታጋሽን አንግቼ አበራን ልወስድ ስመጣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች አዩኝ።

"ሙሽራው! ያቺን የምታስል አሮጊት ይዘህ ነው ሥጋ የምታበላን?"

"ተዉት፣ አጋዘኑ ሲያያት አዝኖ ራሱ ይመጣል!"

"ሸህ ኑሩ ጥርስ የላቸውም ብሎ ነው፤ ንፍሮ ሊያበላቸው ነው!"

በረንዳው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ስቄም አልቀረሁም፤ "አጎቴ ታመው ቃላቸውን እንቢ ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ እኔስ አልይዛትም ነበር" አልኩ።

አበራ ወደ ጓሮ ወሰደኝና፣ "የአባባን ምንሽር ልስጥህ? ወልድያ ሄዷል፤ እስኪመለስ አያውቅም" አለኝ።

"ስጠኝ" አልኩት። ሁለተኛም አላሰብኩ።

ታጋሽን በጆንያ ጠቅልለን ከእናቱ ጎተራ ጀርባ አቆምናት።

ወደ ቆላው ወርደን አደርን። ንጋት ላይ በርበሬ የተቀባ ቂጣችንን እየበላን ከደረቁ ወንዝ ዳር አድፍጠን ተቀመጥን። አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ የግራሩ አበባ ይሸታል። ወንዙ ውስጥ ትንሽ ውኃ የቋጠረች ጉድጓድ አለች። አጋዘኑ ወደ እሷ መጣ። ወንድ ነው፤ ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ። ትከሻውን አልሜ፣ ቢስሚላህ ብዬ ቃታውን ሳብኩ።

ምንሽሩ ሲጮህ ጆሮዬ ደነቆረ። አጋዘኑ አልዘለለም፣ አላቃሰተም። እንደ ተቆረጠ ግንድ ባለበት ዱብ አለ።

"ገዳይ!" ብሎ አበራ ፎከረ። "ገዳይ የእንድሪስ ልጅ!"

እኔም ቆሜ ሰማሁት። ሩጥ ተብዬ ነበር፤ ቆሜ ሙገሳዬን ሰማሁ። ትዝ ሲለኝ ሮጬ ስደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፤ ዝንብ አርፎበት አይርገበገብም። አንገቱን ይዤ አረድኩት። ደሙ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። እግሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልተራገጠም።

"ሞቷል እንዴ?" አለ አበራ።

"ዝም በል።"

"ሙሄ፣ ከሞተማ እኮ . . ."

"ዝም በል አልኩህ! አንተን ምን አገባህ? አንተ አትበላው!"

በአህያ ጭነን እስክንመለስ ድረስ ቃል ከአፉ አልወጣም። መርሳ ስንደርስ ጎረምሶቹ ቀንዱን እየዳሰሱ አጨበጨቡልኝ። ምንሽሩን በቦታው ሰቅለን ታጋሽን ከጆንያው አውጥቼ አነገትኳትና ወደ ቤት ሄድኩ።

አጎቴ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓቸዋል። ስመጣ ሥጋውን አላዩም፤ መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ታጋሽ ዘረጉ። ተቀበሉኝና አፍንጫቸውን ወደ አፈሙዟ አስጠጉ። የውጅግራ ባሩድ ከተተኮሰ በኋላ እስኪወለወል ድረስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ታጋሽ የሸተተቻቸው ሞራ ብቻ ነው። ሲያሸቱ አየሁ። ማየቴንም አዩ።

"ሙሄ፣ ሐላል ነው?" አሉኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኩ።

"ያለቀ ነገር ኢንሻአላህ አይባልም" አሉ።

ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሥጋውም ወደ ሸህ ኑሩ ቤት ተላከ። ከዚያ ወዲያ መሽቶ እስኪነጋ በተነፈሱ ቁጥር የሚጠሩኝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አልጠሩኝም፤ እኔም አልሄድኩ። በመካከላችን ያለው መንገድ ከመደብ እስከ መደብ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሸህ ኑሩ ግቢ ዳሱ በሰው ሞልቷል። ልጃገረዶቹ ድቤ ይመታሉ። ከማድቤቱ የሚመጣው የወጥ ሽታ እንኳን የራበውን የጠገበውን ያስጎመጃል፤ ያን ዓመት ሥጋ የቀመሰ ሰው ብዙ አልነበረም። በአንድ በኩል ለክርስቲያኖቹ እንግዶች የራሳቸው ሰው ባርኮ ያረደው ፍየል ቀርቦላቸዋል፤ አበራም ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ዓይኑን ከእኔ ይሸሻል። አጎቴ ከሸህ ኑሩ ጎን ናቸው። ታጋሽን እንደ ወጉ አንግተው መጥተዋል። ኒካው ከምግብ በኋላ ይታሰራል ተብሎ ማስታጠቢያው ሲዞር ሁሉም ታጠበ፤ አጎቴ አልታጠቡም።

"እንድሪስ፣ ምነው?" አሏቸው ሸህ ኑሩ።

"ወባው አፌን አምርሮታል።"

"ቢሆንም የልጅህን አደን ቅመስ እንጂ! አንዲት ጉርሻ።"

"እናንተ ቅደሙ" አሉ አጎቴ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው።

ሸህ ኑሩ ዱአ አደረጉ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። ሁሉም የእሳቸውን እጅ ይጠብቃል። ቆረሱ፣ ሥጋውን ጠቀለሉ፣ "ቢስሚላህ" ብለው ወደ አፋቸው አነሡት። የአጎቴ እጅ ከጋቢው ወጥታ ወደ ሸሁ ክንድ ስትሄድ አየኋት።

"ሸሃችን፣ አይብሉት!" አልኩ።

ድቤው ቆመ።

"ምን አልክ ልጄ?"

"ሳልደርስበት ነው የሞተው። በክት ነው።"

"ኧረ በረቢ!" አለች ወጥ የሠራችው ሴት ከማድቤቱ በር። "ጨውን ላይ ብዬ ቀምሼዋለሁ እኮ! ሁለት ጊዜ ቀምሼዋለሁ እኮ!" ወደ ጓሮ ሮጠች። አፏን ስትጉመጠመጥ፣ ስታለቅስም ዳሱ ውስጥ ይሰማል። ያቺ ሴት ምንም ያላጠፋች ሰው ናት።

ሰዎቹ እጃቸውን ከማዕዱ አነሡ። አንዱ ሽማግሌ ወደ ክርስቲያኖቹ ዞረው፣ "እናንተ ብሉ እንጂ፤ የእናንተው ደህና ነው" አሏቸው። ክርስቲያኖቹም ማዕዳቸውን ገፋ አደረጉ። "እናንተ ጦማችሁን ተቀምጣችሁ ለእኛ እንዴት ይወርድልናል?" አሉ። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሥጋ ቀርቦ አንድም ሰው የማይበላበት ሠርግ የእኔ ሠርግ ነው።

ሸህ ኑሩ ጉርሻውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ። እጃቸውን ጠራረጉና፣ "ኒካው ይቆይ" አሉ። በእኛ አገር እንዲህ ባለ ቀን ይቆይ ማለት ቀረ ማለት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የዘሀራ እናት እሪ ሲሉ ሰማሁ።

አጎቴ ተነሡ። ከእንግዶቹ መሀል አሊ ወደሚባል ሰው ሄዱ፤ ቤቱ እዚያው ከወንዙ ማዶ ነው። በሽታው የማረለት አንድ ወይፈን እንዳለው ሁሉም ያውቃል። ታጋሽን ስንት ዓመት ሙሉ ሲለምናቸው እንደኖረም ሁሉም ያውቃል።

"አሊ፣ ወይፈኑ አለ?"

"አለ።"

ከትከሻቸው አወረዷትና ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

"እንድሪስ፣ ተው" አለ አሊ ሳይነካት። "አንተ ታመሃል። ይህን በጤናህ አታደርገውም።"

"ወይፈኑን አምጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይታረድ።" ከዚያ ጎንበስ አሉና፣ እናት ልጇን ለሰው ስትሰጥ እንደምትለው ዓይነት፣ "ባሩዱን አታብዛባት። ካበዛህባት ገዳይ ትሆንብሃለች" አሉት።

ወይፈኑ መጣ። ሸህ ኑሩ ራሳቸው አረዱት፤ እግሩ ሲራገጥ ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ ሸሁ ተመልሰው ተቀመጡ።

"ኒካው ይታሰር" አሉ ወደ እኔ ሳያዩ። "ለልጁ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለእንድሪስ ብዬ ነው።"

እንዲህ ሆኜ ነው ያገባሁት። ዘሀራ ደግ ሴት ነበረች፤ አላህ ይማራት፣ ልጆች ወልዳልኝ ብዙ ዓመት አብረን ኖረን ሞተች። ስንጣላ ግን፣ "እኔ እኮ ለአንተ አልተዳርኩም፤ ለጠመንጃ ነው የተዳርኩት" ትለኝ ነበር። በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። አጎቴም አርፈዋል። ሌላ ጠመንጃ ሳይዙ ነው ያረፉት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቆላ አልወረዱም። ታጋሽን አሊ ወደ ውርጌሳ ሸጣት ሲባል ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን አላውቅም።

ይህን የሚያውቁ እኩዮቼ፣ "ታዲያ ተናግረህ የለም? ምን ያሳፍርሃል?" ይሉኛል። ግትር ነህም ይሉኛል። ነኝ። የተናገርኩት የአጎቴ እጅ ስትነሣ አይቼ ነው፤ እሷን ባላይ እናገር እንደሆን አላውቅም፣ እናገር ነበር ብዬም አልምልም። ሥጋውስ ስህተት ነው፤ አዳኝ ይሳሳታል። እኔን እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ የሳቅሁት ሳቅ ነው። እኔ ያፈርኩባት ጠመንጃ ናት ከሰው ፊት ያቆመችኝ።

ሙሽራ በማግስቱ ጠዋት ከጫጉላ አይወጣም። እኔ ግን ገና ጎህ ሲቀድ ዶማ ይዤ ወጣሁ። ሴቶቹ ወጡንም ጥሬውንም ቆዳውንም ከሸህ ኑሩ ግቢ በታች ካለው ቦረቦር ደፍተውት ውሾች ይናከሱበት ነበር። ውሾቹን አባረርኩና መቆፈር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ አበራ የሚዜ ልብሱን እንደለበሰ ሌላ ዶማ ይዞ መጣ።

"አበራ፣ ያን ቀን ያልኩህ . . ."

"ቆፍር" አለኝ።

ቆፈርን። ሥጋውን ስንገፋው፣ ስንከተው፣ እዚያው ያደሩት አጎቴ የንጋቱን ሶላት፣ ፈጅርን ሰግደው በዱላ እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ በቦረቦሩ አፍ መጡ። ቆም ብለው ጉድጓዱን አዩት።

"ጠለቅ አድርጉት" አሉን። "ጅብ ያወጣዋል።"

መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛም የከተትነውን መልሰን አውጥተን ጠለቅ አደረግነው።